የደብሩ ደን እንዲጸድቅ፦ ከካብ እስከ ችግኝ

በአማርኛ ችግኝም ይጸድቃል፣ ሰውም ይጸድቃል። የግብርና ባለሙያው «የጽድቀት መጠን» ብሎ ቅጽ ላይ የሚሞላው ቃልና ካህኑ በዐውደ ምሕረት የሚሰብኩት ቃል ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ዘፍጥረት 2፥15 ላይ አዳም በገነት የተቀመጠው «ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ» ነው። ማበጀትና መጠበቅ ሁለት ሥራ ናቸው፤ በደብር ደን ላይ ከሚባክነው ድካም አብዛኛው የሚባክነው ሁለተኛው ተረስቶ መጀመሪያው ላይ ስለሚሮጥ ነው። ሰው ሳያጥር ይተክላል፣ ፍየል ይበላዋል፣ በዓመቱ ደግሞ እዚያው ጉድጓድ ላይ ይተከላል። እዚህ የቀረበው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው፦ መጀመሪያ ከብትና እግር ይከልከል፣ ቀጥሎ ዘር ይሰብሰብ፣ ተከላው መጨረሻ ይምጣ።

መመሪያው ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ውጭ አገር ሆነው ለትውልድ ደብራቸው ገንዘብ ለሚያሰባስቡ ተወላጆች ነው። ልኮቹ ለደጋና ለወይና ደጋ የጎጃም፣ የጎንደር፣ የወሎና የሸዋ አጥቢያዎች የሚሆኑ ናቸው።

ደኑ ልጆች አሉት ወይ?

ትልልቅ ዛፎች ያታልላሉ። ከሩቅ ግርማው ሙሉ የሆነ ደን ውስጡ ሲገባ ከሥሩ የተረገጠ አፈርና የበግ በጠጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የእንጨት ተክል ዝርያዎችን መዝግበዋል፤ በእርሻ በተከበበ አገር ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ሆኖም እናት ዛፉ ቆሞ ሳለ ከሥሩ ተተኪ ካጣ፣ ያ ዝርያ በዚያ ደብር የመጨረሻውን ዕድሜ እየኖረ ነው።

ምርመራው ግማሽ ቀን ይፈጃል። ገመድና አራት ካስማ ይያዝና 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆኑ አምስት ካሬዎች ይከለሉ፦ አንዱ ከቅጥሩ አጠገብ፣ አንዱ ከደኑ መሀል፣ ሦስቱ ከተለያየ ጠርዝ። በየካሬው የበቀለው ሁሉ በዝርያና በቁመት ይቆጠር፤ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ፣ ከዚያ በላይ። የዛፎቹን ስም የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ አብረው መሄዳቸው ግድ ነው፤ ወጣቶቹ ጥቁር እንጨትንና ሎልን በቅጠላቸው አይለዩም።

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቡቃያ ሞልቶ ጉልበት የደረሰ ከጠፋ ጥፋቱ የከብት ነው፤ ካብ ብቻውን ብዙውን ያድነዋል፣ ችግኝ መግዛት አያስፈልግም። ቡቃያም ከሌለ እናት ዛፎቹ አርጅተዋል ወይም በጣም አንሰዋል፣ ካልሆነም ዘሩ የሚወድቅበት አፈር ደርቆ ጠጥሯል። ዘር መሰብሰብና መትከል የሚያስፈልገው ለእነዚህ ዝርያዎች ነው። ዝርዝሩ ይጻፍና የሰበካ ጉባኤው መዝገብ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ቆጠራ እዚያው ካሬዎች ላይ ይደገማል።

ድንበርና ግዝት

ካብ ከመጀመሩ በፊት ድንበሩ በሰው ፊት ይለይ። አዋሳኝ ገበሬዎች፣ የቀበሌው መሬት አስተዳደር ባለሙያ፣ የደብሩ አስተዳዳሪና እረኛ ያላቸው ቤተሰቦች በአንድ ቀን ዙሪያውን ይዙሩ። የተስማሙበት በቃለ ጉባኤ ይጻፍና ይፈረም። ወሎን በመሰለ አገር ከአዋሳኞቹ ሙስሊሞች ይኖራሉ፤ ቀድመው ይጠሩ። ቂያማ ሊቆም ሲል እንኳ በእጁ ችግኝ ያለው ሰው ይትከለው የሚለውን ሐዲስ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደሉም፤ የመስጊድ ግቢና የመካነ መቃብር ዛፍ የሚጠበቀውም በዚሁ መንገድ ነው።

ካህናቱ ደኑን ይገዝቱ የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሣል። ግዝት ኃይል አለው። በጣና ሐይቅ ዳር ባለው ዘጌ ላይ ከጻድቁ ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ጋር ተያይዞ ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ሆኖ መኖሩ የልሳነ ምድሩን ደን ከነቡናው አቆይቶታል። ግን ዘጌ ላይ ክልከላው ከቡናው ኑሮ ጋር አብሮ የቆመ ነው፤ ሕዝቡ የሚበላበት ነበረው። ማገዶም ግጦሽም አማራጭ ለሌለው ሰው የሚነገር ግዝት ኃጢአቱን ይጨምርበታል እንጂ ዛፉን አያድነውም፤ ለከብቱማ ግዝት አይገባውም። ስለዚህ ግዝቱ ካቡ ካለቀ፣ የማገዶው ነገርም መላ ከተገኘለት በኋላ ይነገር።

ካቡ

ዶክተር አለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር በደቡብ ጎንደር ያስፋፉት ዘዴ ደረቅ የድንጋይ ካብ ነው። ሲሚንቶ የለውም፤ ድንጋዩ ከአዋሳኝ ማሳ ይለቀማል፤ ገበሬው ማሳው ይጸዳለታል፣ ደብሩ አጥር ያገኛል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ከእርከን ላይ ድንጋይ አይነሣ። ደን ለማጠር ተብሎ እርከን ከፈረሰ አፈሩ በአንድ ክረምት ይሄዳል።

ካቡ የሚቆመው ዛሬ ከሚታየው የዛፍ ጠርዝ ከ5 እስከ 10 ሜትር ወጣ ብሎ ነው። በዛፉና በካቡ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ የሚመስለው መሬት ነገ ደኑ የሚሰፋበት ነው፤ በድርድር ጊዜ በቀላሉ አይለቀቅ።

ልኩ ይህ ነው፦ መሠረቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ ጠንካራ አፈር ላይ ያርፋል፤ የታችኛው ስፋት 80 ሳንቲ ሜትር፣ የላይኛው 40፣ ከፍታው 1 ሜትር ከ30። በዚህ ልክ አንድ ሜትር ካብ፣ መሠረቱ ሳይቆጠር፣ 0.78 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይበላል። ክብ የሆነ 4 ሄክታር ዙሪያው 710 ሜትር ገደማ ስለሆነ ወደ 550 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። አንድ ጥሩ ካቢ ከሁለት አቀባይ ጋር በቀን ከ3 ሜትር ብዙ አያልፍም፤ አሥር ቡድን ከተገኘ ሥራው ወደ 24 የሥራ ቀን ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ፣ እርሻ ሳይጀመር ይለቅ።

አካካቡ ሁለት ፊት አለው፣ የውጭና የውስጥ፤ መሀሉ በጥቃቅን ድንጋይ እንጂ በአፈር አይሞላም። አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጥና ካቡን ይገፋዋል። በየ1 ሜትሩ፣ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ሁለቱንም ፊት የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ ይጋደምበት። የላይኛው ድንጋይ የታችኛዎቹን ሁለት ድንጋዮች መገናኛ ይሸፍን፤ መገናኛ በመገናኛ ላይ ከወጣ ስንጥቁ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል፣ የሚፈርሰውም በዚያ ነው። ቁልቁለት ላይ ድንጋዩ መሬቱን ተከትሎ አይዘንበል፤ መሠረቱ በደረጃ ይቆፈር። ጎርፍ በሚያልፍበት ከሥር የውኃ መውጫ ይተው። በአንድ ረድፍ ድንጋይ የተደረደረ ርካሽ ካብ ፍየል በዘለለችበት ቦታ ይናዳል፤ እንዲህ ያለው ጭራሽ ባይጀመር ይሻላል።

በር ሁለት ይበቃል። አንዱ ታቦት ሲወጣ ለሚከተለው ሕዝብ 4 ሜትር፣ ሌላው ለዕለት ምእመን 1 ሜትር። ትንሹ በር ሰው ካለፈ በኋላ በራሱ የሚዘጋ ይሁን፤ መዝጊያው ላይ በገመድ ድንጋይ ማንጠልጠል ይበቃል። ካቡ ሙሉ ሆኖ በሩ ክፍት ከሆነ፣ ደኑ ለእረኛ የተመቸ በረት ሆነ ማለት ነው።

ከውስጥ የሚመጣው ጉዳት

ከብቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጉዳት ከምእመኑ ነው፤ በፍቅር የሚደረግ ስለሆነ ለመናገር ይከብዳል። ዋናው ጽዳት ነው። የዓመቱ ንግሥ ሲቃረብ ወጣቶች ግቢ ለማጽዳት ይሰማራሉ፦ ቁጥቋጦ ይመነጠራል፣ የወደቀ ቅጠል ይጠረጋል፣ ይቃጠላል። የተመነጠረው አጋምና ቀጋ የጥቁር እንጨትን ቡቃያ ከፀሐይና ከፍየል የሚጋርድ ሞግዚት ነበር። የተጠረገው ቅጠል የአፈሩ ልብስ ነበር። መጥረጊያ ከቅጥሩ በር እስከ ዐውደ ምሕረት፣ ከመንገዶቹም ላይ ብቻ ይገደብ፤ ከዚያ ያለፈው ቅጠል አይነካ። የሚነቀል ካለ የወፍ ቆሎ የሚባለው መጤ ወራሪ ቁጥቋጦ ነው፤ ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልስ፣ ፍሬ ሳይዝ፣ ከነሥሩ።

መንገድም ይቀነስ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወደ ጠበሉና ወደ መቃብሩ የሚወስዱ ሦስት መንገዶች በድንጋይ ጠርዝ ይለዩ፤ አቋራጮቹ በአጋም ቅርንጫፍ ይዘጉ። ፍልሰታን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል፦ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ብዙ ሰው ግቢው ውስጥ ይውላል፣ ያድራልም፤ አዲስ ችግኝ ገና ሥር ሳይሰድ ማለት ነው። የሚቀመጡበትና የሚጸዳዱበት ቦታ ከሐምሌ ጀምሮ ተለይቶ ካልተከለለ ከተከላው ግማሹ በእግር ያልቃል።

የማገዶ ፍላጎቱ ከሦስት በኩል ይመጣል፦ ከአብነት ተማሪዎች፣ ከዝክርና ከደመራ። መልሱ ከካቡ ውጭ የተለየ የማገዶ ቦታ ነው። ባሕር ዛፍ የሚገባው እዚያ ነው፤ ከደኑ ጠርዝ 20 ሜትር፣ ከጠበል ምንጭ ደግሞ ከዚያም በላይ ርቆ። ከደኑ ውስጥ የበቀለ ባሕር ዛፍ በአንድ ጊዜ አይጨፍጨፍ፤ ድንገት የገባው ፀሐይ ጥላ የለመደውን ቡቃያ ያደርቀዋል። በሦስት ዓመት፣ በየዓመቱ ሲሶው ይቆረጥ። ጉቶው መልሶ እንዳያቆጠቁጥ ልጡ እስከ መሬት ይላጥ፣ የሚወጣውም እንቡጥ በየወሩ ይቀጠፍ። ለሆሳዕና ዘንባባ ሲቆረጥ ከዳር ያለው ቅጠል ይወሰድ፤ መሀል ላይ ያለው ለጋ እምብርት ከተቆረጠ ያ ግንድ ይሞታል።

የመቋሚያ ወይራና የከበሮ ዋንዛ ጉዳይ ክርክር ያስነሣል። ንዋያተ ቅድሳት ከደኑ መገኘታቸው ተገቢ ነው፤ የወደቀ ወይም የደረቀ ዛፍ ይቅደም፣ ቁጥሩ በሰበካ ጉባኤ ይወሰን፣ ለአንድ የተቆረጠ ዛፍ አሥር ችግኝ ይጽደቅበት።

ዘር

ዘር ከ10 እስከ 15 ከሚደርሱ፣ በተቻለ መጠን እርስ በርስ ከተራራቁ እናት ዛፎች ይሰብሰብ። ትንሽ ደን ውስጥ ዛፎቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ ተመሳሳይ ከፍታ ላይ ካለ ጎረቤት ደብር ጋር ዘር መለዋወጥ ደካማ ችግኝ እንዳይበዛ ይረዳል። ከአንድ ዛፍ ከሲሶ በላይ አይለቀም፤ ቀሪው የወፎችና የጦጣዎች ነው፣ እነሱም ዘሪዎች ናቸው።

ጽድ ፍሬው ወደ ጥቁር ሰማያዊ እስኪለወጥ ይጠበቃል። ፍሬው ከአሸዋ ጋር ታሽቶ ሙጫው ይታጠብና ውኃ ውስጥ ይከተታል፤ የሚንሳፈፈው ባዶ ነው፣ ይጣላል። ከሰመጠው 20 ዘር በምላጭ ይሰንጠቅ። ነጭ ፍሬ ያላቸው ከ8 ካነሱ ሌላ እናት ዛፍ ይፈለግ፤ ጽድ ላይ ባዶ ዘር ስለሚበዛ ይህን ምርመራ የዘለለ ሰው መደቡን እያጠጣ ወራት ይቆያል። ጥሩው ዘርም ቢሆን አንዱ በወሩ፣ ሌላው በሁለት ወሩ ይበቅላል።

ወይራ አጥንቱ ጠንካራ ነው። ሥጋው ታጥቦ ከወጣ በኋላ የአጥንቱ ጫፍ በፒንሳ በቀስታ ይሰበር፣ የውስጡ ፍሬ ሳይነካ፤ ከዚያ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይነከር። ዝግባም እንዲሁ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፣ ሆኖም ወራት ሊወስድበት ይችላል። ጥቁር እንጨት የተለየ ነው፦ ዘሩ ከደረቀ ይሞታል። በተለቀመ በቀናት ውስጥ ሥጋው ታጥቦ ይዘራ፤ በከረጢት ተቋጥሮ እስከ የካቲት የቆየ የጥቁር እንጨት ዘር አይበቅልም። ኮሶ ከ2,300 ሜትር በላይ ለሆነ አጥቢያ ነው፤ ዘሩ እንደ ብናኝ ስለሆነ አፈር ላይ ይበተንና በስሱ አሸዋ ይነሰነስበታል። ዋንዛና ብሳና ብዙ አያስቸግሩም፤ የዋንዛው የሚያጣብቅ ሥጋ በአመድ ይታጠብ።

ችግኝ ጣቢያው

ለ1,000 ችግኝ፣ ሲሞላ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ባለው ፕላስቲክ፣ 1.6 ሜትር ኩብ አፈር ይበቃል። ድብልቁ ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ከደኑ ውስጥ አፈር በጆንያ አይጫን፤ ከእናት ዛፉ ሥር አንድ ሁለት ባልዲ ብቻ ተወስዶ ቢደባለቅ ሥሩ ከአፈሩ ምግብ እንዲያገኝ የሚረዳው ጠቃሚ ሻጋታ ይገባል። ያልበሰለ ፍግ ቡቃያውን ያቃጥለዋል። መደቡ ከ1 ሜትር አይስፋ፣ እጅ ከሁለቱም ወገን መሀሉን እንዲደርስ። በበጋ 1,000 ችግኝ በቀን ወደ 100 ሊትር፣ ማለትም አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ይጠጣል። ውኃው ከጠበል ይሁን የሚሉ አሉ፤ ይሁንታው የአስተዳዳሪው ነው።

ጽድና ወይራ ለመትከል ከ9 እስከ 12 ወር ይፈልጋሉ፤ የዘንድሮ ዘር ለከርሞ ክረምት ነው። ዋንዛ ከጥር ተዘርቶ ለሐምሌ ይደርሳል። በየሦስት አራት ሳምንቱ ፕላስቲኩ ይነሣና ወደ መሬት የወጣው ሥር ይቆረጥ። በመጨረሻው ወር ጥላው ይነሣ፣ ውኃውም በየሁለት ቀኑ ይሁን፤ ተሞላቅቆ ያደገ ችግኝ ሜዳ ሲወጣ በሳምንቱ ይጠወልጋል።

ተከላ

ጉድጓዱ ግንቦት ላይ ይቆፈር፣ 40 ሳንቲ ሜትር በየአቅጣጫው፤ የላዩ ጥቁር አፈር በአንድ ወገን፣ የሥሩ በሌላ ወገን ይከመር። ተከላው ዝናቡ አፈሩን 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ካራሰ በኋላ፣ ሐምሌ ውስጥ ይለቅ። ነሐሴ አጋማሽ ካለፈ ችግኙ ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ይወጣል።

ቀን ሲቆረጥ በዓላቱ ይታዩ። ሐምሌ 5፣ 7፣ 12፣ 19፣ 21 ብሎ ሲቆጠር ክረምቱ የተጣበበ ነው፤ አንዱ አጥቢያ አጥብቆ የሚያከብረውን ሌላው ይሠራበታል። አስተዳዳሪው በሰኔ ወር ሦስት የሥራ ቀናት መርጠው በዐውደ ምሕረት ያውጁ። ሕዝቡ ስለተሰበሰበ ብቻ በበዓል ማግሥት ሳይሆን በበዓሉ ቀን መቆፈር የተጀመረበት ሥራ በየደብሩ ጠብ ያመጣል።

ሲተከል ፕላስቲኩ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ይቀደድና ይወገድ። የአፈሩ ኳስ ታች ይታይ፦ ሥሩ እንደ እንዝርት ክር ዙሪያውን ከተጠመጠመ የታችኛው 1 ሳንቲ ሜትር በሙሉ ተቆርጦ ይጣል፣ ጎኑም በሁለት ቦታ ይጫር። ያ ጥምጥም ካልተፈታ ዛፉ አራት አምስት ዓመት ለምልሞ በነፋስ ይወድቃል። ጥቁሩ አፈር ታች ይግባ፣ የችግኙ አንገት ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን፣ በእግር ተረከዝ ይጠቅጠቅ። ቁልቁለት ላይ ከታች በኩል የግማሽ ጨረቃ ክትር ይሠራ።

ጽድና ወይራ ፀሐይ ይችላሉ፤ በካቡና በደኑ መካከል ይግቡ። ጥቁር እንጨት፣ ሎልና ዝግባ ጥላ ይሻሉ፤ ከአጋምና ከክትክታ ሥር ይተከሉ። በ3 ሜትር ርቀት አንድ ሄክታር 1,111 ችግኝ ይወስዳል፤ የመንከባከብ አቅም ግን ይቅደም። ለ300 ችግኝ የሚበቃ ሰው ያለው ደብር 300 ይትከል።

ከዚያ በኋላ

መስከረምና ጥቅምት ላይ ዙሪያው 50 ሳንቲ ሜትር ይታረም፣ በደረቅ ቅጠል ይሸፈን፤ ምስጥ ባለበት ሽፋኑ ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ። ከጥር እስከ ግንቦት ለአንድ ችግኝ በሳምንት 5 ሊትር ውኃ በቂ ነው።

ተረኛ የሌለው ችግኝ አይጸድቅም። አንድ የሚሠራ መንገድ አለ፦ ልጅ በ40 ወይም በ80 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ስሙ በችግኝ መዝገብ ላይ ይጻፍ፣ በሐምሌው ችግኝ ይሰጠው፣ ቁጥር የተጻፈበት ካስማ አጠገቡ ይተከል። ቤተሰቡ ለቅዳሴ ሲመጣ ጀሪካን ይዞ ይመጣል። የአብነት ተማሪዎች ለእያንዳንዳቸው አሥር ችግኝ ቢያዙ፣ በምላሹ ከማገዶው ቦታ ድርሻ ይሰጣቸው።

ቆጠራው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፣ ጥቅምት መጨረሻና ሰኔ መጀመሪያ። የሞተው ሁሉ ተነቅሎ ይታይ። ጫፉ ተቀንጥቦ ሥሩ ደህና ከሆነ ፍየል ገብታለች፤ ካቡ ይዞር፣ የተናደው ይፈለግ። የአፈሩ ኳስ እንዳለ ደርቆ ከወጣ ዘግይቶ ተተክሏል። ልጡ ከመሬት ሥር ከተበላ ምስጥ ነው። አንገቱ የበሰበሰ ከሆነ በጥልቅ ተቀብሯል። የጥቅምቱ ቁጥር ሁልጊዜ ያስደስታል፤ በጋውን ያለፈው የሰኔው ቁጥር ነው የሚታመነው። እሱ ከነምክንያቱ በንግሥ ቀን ከገቢና ወጪው ሪፖርት ጋር ለሕዝቡ ይነበብ፤ ውጭ አገር ያሉ ተወላጆችም ገንዘብ ከመላካቸው በፊት ይህን ወረቀት ይጠይቁ፣ የመጀመሪያው ገንዘብ ለካቡ፣ ቀጣዩ ለአንድ ቋሚ ጠባቂ ደመወዝ ይዋል።